ሁለተኛው ቦቢና ላይ የሚሞተው ወታደር

ባለፈው ዓመት ጉለሌ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩበትን አዳራሽ ለማየት ሄጄ ነበር። የሰርግ አዳራሽ ሆኗል። የማሽን ክፍላችን ውስጥ ጀነሬተር አስገብተውበታል። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ከላይ እስከ ታች አየኝና «አባባ፣ የሙሽራው ወገን ነዎት የሙሽሪት?» አለኝ።

«የማንም አይደለሁም። እዚህ ፊልም አሳይ ነበርኩ።»

«እዚህ? ፊልም?» ብሎ ሳቀ። ይሳቅ። ሁለቱን ማሽኖች ለቁራሌው እንደሸጧቸው የሰማሁትም ከእሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤቴ ድረስ መጥቶ በደርግ ጊዜ ስለታዩት የሶቪየት የጦርነት ፊልሞች ጠየቀኝ። ታንክ፣ በረዶና ባንዲራ እንድነግረው ፈልጎ ነበር። እኔ የማስታውሰው አንድ ወታደር ነው። ስም የለውም። ሁለተኛው ቦቢና ላይ ይሞታል። በእሱ ሰበብ ታደሰ የሚባል የጎረቤቴ ልጅ ወደ ጦር ሜዳ ሄደ። ተማሪው ይህን ሲሰማ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ፤ ለእሱ ጥናት አይሆንም መሰለኝ። እንግዲህ እኔው ልጻፈው። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ አጻጻፌ ካልጣመህ ተወው።

አባቴ ከጋሞ ተራሮች የመጣ ሸማኔ ነበር። ከእንጦጦ ግርጌ ቤት ተከራይቶ፣ ወለሉን ቆፍሮ የሽመና ጉድጓዱን አበጀ። እኔም እግሬን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሰድጄ አደግሁ። ሰፈርተኛው ሁላችንንም ጠቅልሎ «ዶርዜ» ይለናል፤ ከየትኛው አገር መጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሠራነውን ነጠላ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ሴት ልጁን ግን ለሸማኔ አይድርም። ቀጨኔ ያሉት ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮችም ዕጣቸው ያው ነው። በድስታቸው ይበላል፣ ዓይናቸው ግን ይፈራል። ይህን የምለው እንድታዝንልኝ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ ማን ይቀመጥ እንደነበር እንድታውቅ ብዬ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ሁሉም ሰው እኩል ነው ተባለ። እሰየው አልን። እኔም የፊልም ሣጥን ተሸካሚ ሆኜ አዳራሹ ውስጥ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከሽመናው አይሻልም፤ ግን ወር ጠብቆ ይመጣል።

የማሽን ክፍሉ አለቃ ጋሽ ተሰማ ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲኒማ ቤት ውስጥ ያደጉ፣ የድሮ አዲስ አበባ ሰው፣ ቁጡ። አንድ ቀን ፊልም ተበጥሶባቸው ሲቀጥሉ አጠገባቸው ቆሜ «ጋሽ ተሰማ፣ እኔ ልሞክረው?» አልኳቸው።

«አንተ ስለ ፊልም ምን ታውቃለህ?»

«ስለ ፊልም አላውቅም። ስለ ተበጠሰ ክር ግን አውቃለሁ።»

ምላጩን ሰጡኝ። ቀጠልኩት። ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ወዲያው ተበላ፤ አዳራሹ በፉጨት ተናወጠ። ጋሽ ተሰማ ሊያጮሉኝ እጃቸውን ካነሡ በኋላ መለሱት።

«ክር ይለጠጣል፣ ማዳልቾ። ፊልም አይለጠጥም። በል እንደገና።»

እንዲህ ነው የተማርኩት። የፊልሙን ጫፍ በምላጭ ፍቀህ፣ ሙጫውን እንደ ላብ ቀጭን አድርገህ ቀብተህ፣ ጥርሱን ከጥርሱ ገጥመህ ትጫነዋለህ። ሙጫው ከበዛ ያብጣል፤ ካነሰ ይከዳሃል። ቦቢና የምንለው ፊልሙ የሚጠቀለልበትን ክብ ቆርቆሮ ነው። አንድ ፊልም ብዙ ቦቢና አለው፤ ያኛው ማሽን ላይ ያለው ሲያልቅ ይሄኛው ይቀበላል። ሥዕሉ ጥግ ላይ ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ ያቺን ነጥብ ካሳለፍክ ሕዝቡ ባዶ ሸራ ያያል። መብራቱም የካርቦን ነው። ሁለቱን ዘንጎች በየጊዜው ካላቀራረብካቸው ብርሃኑ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል።

ጋሽ ተሰማ ፊልም ከመነካቱ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፣ እኔንም ያስታጥባሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር በሁለት ጣታቸው መሃል ያሳልፉታል። የተቀደደ ጥርስ ካለ፣ ያረጀ ቅጥያ ካለ ጣታቸው ይነግራቸዋል። ታሪኩን ግን አያዩም። «ታሪኩን የተከተለ ኦፕሬተር ፊልም ያቃጥላል» ይላሉ። ከሃያ ዓመት በላይ ፊልም ሲያሳዩ አንዱንም እስከ መጨረሻው እንዳላዩ ነግረውኛል። ቆርጠው ነበር የተናገሩት፣ እኔም አመንኳቸው።

እኔ ግን እከተል ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ከሰዓት በኋላ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ከሸማኔ ሚስቶች ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። አስተማሪያችን ከእኔ በብዙ የምታንስ ተማሪ ነበረች። ማንበብ ስጀምር ነገር ሁሉ ትርጉም እንዳለው ጠረጠርኩ። ከዚያ በኋላ ፊልሙንም እንዲሁ ማየት አልቻልኩም።

የሶቪየት ፊልሞች የሚመጡት በሩስኪ ነው። ስለዚህ ተርጓሚ አለን፤ መስፍን ይባላል። ሶቪየት ኅብረት የተማረ፣ ቸርች ውስጥ ዘማሪ ሆኖ ያደገ ወጣት ነው፤ ቸርቹ ከተዘጋ በኋላ ያንን ድምፁን የሚያወጣበት የኛ ማይክራፎን ብቻ ነበር። ከእኛ ጋር ማሽን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ፣ በግድግዳው ቀዳዳ ሸራውን እያየ፣ ካፒቴኑንም ነርሷንም ጀርመኑንም በአማርኛ ይናገራል። ሲያለቅስ ሰው ያለቅሳል።

ከሁሉም ብዙ ጊዜ ያሳየነው አንድ ፊልም ነበር፤ እኛ «የወንዙ ፊልም» እንለዋለን። ጥቂት ወታደሮች ወንዝ ሊሻገሩ ይዋጋሉ። ካፒቴኑ ሩስኪ ነው። ስም አለው፣ ሚስት አለችው፣ የሚያነበው ደብዳቤ አለው። ዩክሬናዊውም ስም አለው፣ ቀልድ አለው። ጆርጂያዊው ይዘፍናል። አንድ ደግሞ ዓይኑ ጠበብ ያለ፣ ጉንጩ ወጣ ያለ ወታደር አለ፤ ኡዝቤክ ነው ይላሉ። ጥይት ይሸከማል። ሾርባ ያድላል። ሌሎቹ ሲስቁ ይስቃል። ሁለተኛው ቦቢና ሊያልቅ ሲል ደረቱን ተመትቶ ውሃው ዳር ይወድቃል፤ ያኔ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ በራሱ ቋንቋ ይናገራል። ካፒቴኑ ዓይኑን ይከድንለታል። ከዚያ ፊልሙ ወደ ካፒቴኑ ሐዘን ይሄዳል።

እዚያ ቦታ ሲደርስ መስፍን ዝም ይላል። ቋንቋውን አያውቀውማ። ብርጭቆውን አንሥቶ ውሃ ይጠጣል።

አዳራሹ ግን ዝም አይልም። «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል። አንድ የቀጨኔ ቀጥቃጭ ሁሌም ከኋላ ሆኖ ይጮህ ነበር፦ «ተርጓሚ! ለዚህኛው አልተከፈለህም እንዴ?»

ሌሎቹንም ፊልሞች ልብ ብዬ አየኋቸው። ሌላ ፊልም፣ ሌላ ወንዝ፣ ያው ሰውዬ። ካዛክም ይሁን ኪርጊዝ፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ታማኝ ነው፣ ቶሎ ይሞታል። ሸማኔዎቹ ገና መጀመሪያ ላይ ሲያዩት «እሱ አያድርም» ይሉ ነበር። ሲያሾፉ አልነበረም። ቦታውን ያውቁታል። ከዋናው ፊልም በፊት የምናሳየውን የራሳችንን ዜና ፊልምማ ምን ልበልህ። ጓዶች ንግግር ያደርጋሉ፣ ቀጥሎ የብሔረሰቦች ጭፈራ ይመጣል። ያኔ ነው እኛ የምንታየው፤ ላባ ሰክተን፣ ጦር ይዘን ስንዘል። ስንናገር የሚያሳይ አንድም ፊልም እጄ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ለሸማኔዎች ማኅበር ተሰጠ። ሁሉም የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። እትዬ አማረች የምትባል ጥጥ ፈታይ ጎረቤቴ ከልጇ ከታደሰ ጋር ከፊት ተቀምጣለች። የወንዙን ፊልም አስገባን። ወታደሩ ወደቀ። መስፍን ብርጭቆውን አነሣ። ከታች «ምን አለ?» ተጀመረ።

ማይክራፎኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጎንበስ ብዬ በጋሞኛ ተናገርኩ።

«አዮ» አልኩ። በእኛ እናቴ ማለት ነው። «አዮ፣ ጋቢው አልቋል። ጫፉ ብቻ ነው የቀረው። አንቺ ቋጭተሽ ለባለቤቱ ስጪው።»

 ቀጥሎ የሴቶች ለቅሶ ተነሣ፣ ሲኒማ ቤት የሚለቀስ ዓይነት ሳይሆን የድንኳን ለቅሶ። ጋሽ ተሰማ ትከሻዬን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡኝ።

«አንተ! እጅህን ወደ ማሽንህ! ነጥቧ ልትመጣ ነው።»

ነጥቧ ላይ ደረስኩ። ቦቢናውን ሳላሳልፍ ቀየርኩ። 

ጓድ ንጉሤ የሰፈሩ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው። ቀጭን፣ ሁልጊዜ የተላጨ፣ ሲናገር ጣቱን የሚቆጥር ሰው። በሳምንቱ አዳራሹ ውስጥ ሂስና ግለ ሂስ ጠራ። ያን ጊዜ ለማያውቅ ልንገር፤ አንድ ሰው መድረክ ላይ ይቆማል፣ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይናገራል፣ ሌላው ደግሞ ይጨምርለታል። ተናግሮ ወደ ቤቱ የገባ አለ። ያልገባም አለ።

«ጓድ ማዳልቾ» አለ ንጉሤ፣ «በሶቪየት ጀግና አፍ ውስጥ የራስህን ጎሣ ቃል ከተሃል። ይህ ጠባብ ብሔርተኝነት ነው። አንደኛ፣ ማን አዘዘህ? ሁለተኛ፣ ማይክራፎኑን ማን ሰጠህ?»

መስፍንን እንደሚፈልግ ገባኝ። ውጭ የተማረ ነው፣ ጴንጤ ነው፣ አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። እኔ የምያዝ ከሆነ አንድ ሸማኔ ነኝ፤ መስፍን ከተያዘ ግን ንጉሤ ይሾማል።

«ማንም አላዘዘኝም» አልኩ። «ሰው ምን አለ ብሎ ጠየቀ፤ መለስኩ።»

«የጀግናውን ቃል ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ሐሰት ነው!»

«እሱ ሲሞት ዝም ማለትስ እውነት ነው?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ንጉሤ ወደ ጋሽ ተሰማ ዞረ። «አንተስ ሽማግሌ? አለቃው ነህ።»

ጋሽ ተሰማ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ተነሡ። «እኔ ታሪክ አልከታተልም፣ ጓድ። ማሽኑ አልቆመም፤ እሱን አውቃለሁ» ብለው ተቀመጡ። አንጀቴ በገነ። አሁንም ይበግናል። ከዚያ በላይ ቢናገሩ ምን ይደርስባቸው እንደነበር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይበግናል።

ያን ቀን የማሽን ክፍሉ ውስጥ አንድ የሶቪየት ቴክኒሻን ነበር፤ ማሽኖቻችንን ሊጠግን የመጣ። ሩስታም ይባላል። እሱም ኡዝቤክ ነው። የሰፈሩ ልጆች ባዩት ቁጥር «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይከተሉታል፤ እሱም እጁን እያውለበለበ ያልፋል። ንጉሤ በድንገት ያ ሰው ትዝ አለው። ፊቱ በራ።

«የሶቪየት ጓድ ራሱ አለ አይደል? ይምጣ! ፊልሙ ይታይ። የጀግናውን እውነተኛ ቃል ይንገረን። ያኔ ጓድ ማዳልቾ ምን እንደሚል እንሰማለን!»

 ወታደሩ «ለሌኒን፣ ለአገሬ» ብሎ ከሆነ አለቀልኝ። ሩስታም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወረደ። ጋሽ ተሰማ ቦቢናውን አስገቡ። ወታደሩ ወደቀ፣ ተናገረ፣ ካፒቴኑ ዓይኑን ከደነው። መብራት በራ።

ሩስታም አንድ አጭር ሳቅ ሳቀ። ደስታ የሌለው ሳቅ። ከዚያ በሩስኪ ጥቂት ቃል ለመስፍን ተናገረ።

የመስፍን ፊት ሲገረጣ አየሁ። ማይክራፎኑን ያዘ። ጠበቅን። 

«እናቱን ነው የሚጠራው ይላል» አለ መስፍን።

አዳራሹ ፈነዳ። ያ የቀጨኔ ቀጥቃጭ ወንበር ላይ ወጥቶ «ጎበዝ ማዳልቾ! ሩስኪም ታውቃለህ ለካ!» ብሎ ጮኸ። ንጉሤ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሲያጨበጭቡ አይቶ አጨበጨበ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። «ይህ ነው ፕሮሌታሪያዊ ዓለም አቀፋዊነት!» አለ። እኔ መድረኩ ላይ ቆሜ ሱሪዬ እንዳይረጥብ ነበር የማስበው።

በኋላ ከመስፍን ጋር ወደ አዲሱ ገበያ ስንወርድ ያዝኩት።

«እውነቱን ንገረኝ። ሰውዬው ምን አለ?»

«ተወው።»

«መስፍን!»

ዙሪያውን አየ። «ወታደሩ በኡዝቤክኛ እየቆጠረ ነው አለኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እስከ አሥር። ተዋናዩ ኡዝቤክ እንኳ አይደለም አለ፤ ቁጥር አስጠንተውት ነው። የሚሰማው ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም።»

መሃል መንገድ ላይ ቆምኩ። የአውቶቡስ ክላክስ ነው የቀሰቀሰኝ።

«ታዲያ ለምን እንዲያ አልክ?»

«ምን ልበል? የሶቪየት ጀግና ሲሞት ይቆጥራል ልበል? አንተም እኔም ሩስታምም ዛሬ ቤታችን አናድርም ነበር።»

ሩስታም ሥራውን ጨርሶ የሄደ ዕለት ወታደሩ የሚሞትበትን ቦታ አንድ ጊዜ እንድናሳየው በምልክት ጠየቀን። ድምፁን እንድናጠፋም ጠየቀ። ያለ ድምፅ አየው። ጨብጦን ወጣ። ሌላ ነገር አላውቅለትም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሳቅ ነበር። ንጉሤ ግን ሞኝ አይደለም። ለቅሶውን አይቷል። ብሔራዊ ውትድርና የታወጀ ጊዜ በሸማኔ ሰፈሮች ሁሉ የወንዙ ፊልም እንዲታይ አዘዘ። ወታደሩ ሲወድቅ ጋሞኛውን እኔ እንድናገር አዘዘ። በሩ ላይ የምዝገባ ጠረጴዛ አስቀመጠ። ከጠረጴዛው ጀርባ መኮንን፣ ከመኮንኑ ጀርባ የኮከብ ምስል። ላባ ሰክቶ ከሚጨፍር ብሔረሰብ ወደሚሞት ብሔረሰብ አደግን ማለት ነው።

እምቢ ልል ብዬ መስፍንን ሳየው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ያቺ የትርጉም ነገር በማንኛውም ሰዓት ልትወጣ ትችላለች። ተናገርኩ። በየእሑዱ «አዮ» አልኩ። በየእሑዱ ልጆች ከፊልሙ ወጥተው ጠረጴዛው ጋ ተሰለፉ። ሳይሰለፉ የቀሩትን ያው በአፈሳ ይወስዷቸዋል፤ ግን የተሰለፉትን ያሰለፍኩት እኔ ነኝ፣ ይህን ማንም አይወስድልኝም።

አንድ እሑድ ታደሰ ደረጃውን ወጥቶ የማሽን ክፍሉን አንኳኳ። እትዬ አማረች ከእሱ ሌላ የላትም። ሸማኔነቱ የተዋጣለት፣ ሳቂታ ልጅ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ቶሎ በል፣ ነጥብ ልትመጣ ነው።»

«እዚያ ግንባር፣ በኛ ቋንቋ የሚያናግር አዛዥ አለ እንዴ?»

«የለም።»

«ፊልሙ ላይ ግን—»

«ፊልሙ ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ አንተ ደደብ! ወደ ቤትህ ሂድ! እናትህ ጋ ሂድ!»

ሳቀ። «አውቃለሁ ጋሼ፣ ድምፅህን አላጣውም። ቢሆንም ደስ ይላል። እንደ ሰው ሞተ።» ጋሽ ተሰማ ጠሩኝ፤ ዞርኩ፤ ቦቢና ቀየርኩ። ስመለስ ልጁ የለም። በቀዳዳዋ ወደ በሩ ሳይ ሰልፉ ውስጥ ቆሟል። ሮጬ ብወርድ ሸራው ባዶ ይሆናል። አልወረድኩም።

ለእናቱ አንድ ደብዳቤ መጣላት፤ አነበብኩላት። ጤና ነኝ፣ ብርዱ የኛን ተራራ ይመስላል ይላል። ከዚያ ወዲያ የለም። ክረምት አለፈ፣ ሌላ ክረምት አለፈ። እትዬ አማረች ቀበሌ ሄደች፤ «ጦርነት ላይ ያለ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም» አሏት። የጠፋ ነው አላሏትም፣ የሞተ ነው አላሏትም። መርዶ የሚባል አልመጣም።

እሷ ግን የወንዙ ፊልም በታየ ቁጥር መምጣት ጀመረች። ከፊት ረድፍ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ወታደሩ ሲወድቅ፣ እኔ «አዮ» ስል ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች። ጨርሳ አልቅሳ፣ ሦስተኛው ቦቢና ሳይጀመር ተነሥታ ትሄዳለች። እኔ ከላይ ሆኜ አያታለሁ። በሐዘን እየገደልኳት ነው ብዬ አሰብኩ። በየሳምንቱ ልጇን እየገደልኩባት ነው ብዬ አሰብኩ። የሌሎቹም ልጆች ሰልፍ አልቆመም።

አንድ ጠዋት ጋሽ ተሰማ ሳይመጡ ገባሁ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ሁለተኛውን ቦቢና አወጣሁ። ወታደሩ ከመመታቱ በፊት ያለውን፣ ካፒቴኑ ዓይኑን ከከደነለት በኋላ ያለውን ፈለግሁ። በምላጭ ቆረጥኩ። መሃሉን ሽንት ቤት ጣልኩት። የውሃውን ሥዕል ከውሃው ሥዕል ጋር ገጠምኩ። በሕይወቴ የሠራሁት ምርጥ ቅጥያ ነበር።

ጋሽ ተሰማ መጡ። እጃቸውን ታጠቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ፊልሙን በጣታቸው መሃል አሳለፉት። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ።  ዓይናቸውን ሳይከፍቱ አለፉት።

«ሙጫው ደርቋል?» አሉ።

«ደርቋል።»

«እንግዲያው አስገባው።»

ያን እሑድ ወታደሩ ጥይቱን ተሸክሞ ወደ ውሃው ሄደ፤ ቀጥሎ ካፒቴኑ ማዶ ላይ ቆሟል። አልሞተም። ምንም አላልኩም፤ የምለውም ቦታ የለም። ንጉሤ ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ ሲሳደብ ጋሽ ተሰማ መሃላችን ገቡ። «ማሽኑ በልቶታል፣ ጓድ። ያረጀ ኮፒ ነው። ከፈለጉ እኔን ይሰሩኝ።» በሕይወታቸው ሙሉ ስለ አንድ ፊልም ታሪክ የተናገሩት ይህንን ብቻ ነው። ንጉሤ ዛተ፣ ጻፈ፣ አዲስ ኮፒ ጠየቀ፤ አዲስ ኮፒ አልመጣም። የምዝገባ ጠረጴዛው ግን ከቦታው አልተነሣም።

ሕዝቡ ከወጣ በኋላ እትዬ አማረች ደረጃው ሥር ቆማ አገኘኋት።

«ማዳልቾ፣ ልጁ የት ሄደ?»

«ተሻገረ፣ እትዬ።»

«ሲሻገር አላየሁትም።»

«ፊልሙ አርጅቶ ተቆርጦ ነው። አልሞተም። ይሻላል አይደል እንዴ?»

 እጆቿ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበር።

«መርዶ አልመጣልኝም» አለች። «መርዶ ሳይመጣ ጎረቤት ጠርቼ ላለቅስ አልችልም፤ ሟርት ነው ይሉኛል። ድንኳን አልጥል። እዚህ ነበር የማለቅስለት። አልቅሼ፣ ወጥቶልኝ፣ ሄጄ ጥጤን እፈትላለሁ። አሁን ምን ይዤ ልሂድ?»

 የቆረጥኩትን ከሽንት ቤት አላወጣው።

በቀጣዩ እሑድ መጣች። ከፊት ተቀመጠች። ለምን እንደመጣች አላውቅም። ሁለተኛው ቦቢና ወንዙ ጋ ሲደርስ፣ ማንም ሳያዘኝ ማይክራፎኑን ከመስፍን ፊት ወሰድኩ። ጋሽ ተሰማ ወደ ማሽንህ አላሉኝም፤ የእኔን ካርቦን እሳቸው አቀራረቡልኝ። ቅጥያዋ ስታልፍ አየኋት፤ ከእኔ ሌላ ማንም አላያትም።

«አዮ» አልኩ።

ሸራው ላይ ሰው አልነበረም። ውሃ ብቻ ይወርዳል። እትዬ አማረች ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደችና አለቀሰች።